ጥለቱ ወደ አንገት የወጣ ለታ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር

ይድረስ ለአማቴ፤

እሜቴ፣ እንዴት ከረሙ? ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅዎ ጉልበትዎን ነው። በዚያን ሰሞን ከአልጋ አላስነሣ ብሎዎት እንደነበር ሰምቻለሁ፤ አሁንስ ተሻለዎት? በቆሎው ገባ? ጤፉ ታጨደ? ያቺ ግንባረ ቦቃ ጊደር ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጤና አለኝ፣ ሥራ አለኝ፣ እንቅልፍም ይወስደኛል።

የላኩብኝ ቃል ደርሶኛል። ከቡሬ እህል የሚያመላልሰው ሃይለ ሚካኤል መኪናውን ደጄ ላይ አቁሞ፣ ከጋቢናው ሳይወርድ ነገረኝ። «ልጄን በቁሙ አስለቀሰችበት፤ መጥታ እግሬ ላይ ካልወደቀች ደጄን እንዳትረግጥ ብለውሻል» አለ። ሰው የቁጣ መልእክት ሲያደርስ ትንሽ ይቀንሳል። ሃይለ ሚካኤል ምንም አልቀነሰም፤ ድምፅዎን ሳይቀር አስመስሎ ነው የነገረኝ።

እግርዎ ላይ መውደቅ አያሳፍረኝም። ሰርጌ ለታ ወድቄ ብብቴን ይዘው ያነሡኝ እርስዎ ነዎት። ግን የሆነውን ከእኔ አፍ ሳይሰሙ አልወድቅም። ስለዚህ እጽፋለሁ። የሚያነብልዎ የጎረቤትዎ ልጅ ዲያቆን አንዷለም እንደሚሆን አውቃለሁ። አንዷለም፣ ቀስ ብለህ አንብብ፤ እኔ የጻፍኩትን ብቻ አንብብ።

ነገሩ የመጣው ከአይጥ ነው።

ልጅዎ ላቀው ወርቅ ቁፋሮ ብሎ ወደ መተከል ከወረደ ሦስት ፋሲካ አለፈ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ኋላ ተወው። እኔ እጄን አጣጥፌ እንዳልተቀመጥኩ ያውቃሉ። ከራሴ ቀሚስ ጀመርኩ። ያለቀውን ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ፣ የጠበበውን ጎኑን ፈትቼ ሌላ ጨርቅ አስገባሁበት። ጎረቤት አይቶ የእኔንም አለ። ከዚያ የሳልቫጅ ልብስ ነጋዴዋ ሳቢሃ መጣች። ለአገራችን ሰው ከልክ በላይ ሰፊ የሆነውን የፈረንጅ ካፖርት ትሰጠኛለች፤ እኔ ፈትቼ ቀሚስ አወጣበታለሁ፤ እሷ ደምበጫ ድረስ ወስዳ ትሸጠዋለች። ከተቃጠለ ዲናሞ የመዳብ ሽቦ እየፈታሁ ጉትቻ እጠመዝዛለሁ። ከተበጠሰ ዶቃ፣ ከአሮጌ አዝራር፣ ከተሰበረ የብር ጌጥ የአንገት ሐብል እሠራለሁ። እርስዎም አምና ለጎረቤት አራስ ልጅ ብለው የአንገት ዶቃ አሠርተውኝ የለ? የሰርግ ጉትቻዬን ስባሪ፣ የብሯን ግማሽ ጨረቃ መሐሉ ያደረግኩበት። ዋጋ ካልተቀበልሽ ብለው የተቆጡኝ።

ሥራው ያኖረኝ ነበር። የማያኖረኝ ሌላ ነገር ነበር። ቀበሌ ብሄድ «ባለቤትሽስ?» ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ስሙን በሕያዋን ላንሣው ወይስ በሙታን? ባል አለሽ ወይ ለሚለኝ አዎም የለምም ማለት አልችልም። ሞቶም ከሆነ ጥቁር ልልበስለት፣ ቆሞም ከሆነ ልወቅ። የምፈልገው ይህን ብቻ ነበር። ወንድሙን ደጀኔን መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው የጫማ ሱቁ ድረስ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። «እዚያ እኮ ኔትወርክ የለም፣ ሰብሊ» ይለኛል። ሁልጊዜ ይኸው ነው መልሱ።

እንግዲህ አይጧ እርስዎ የፈተሉልኝን ነጠላ በላችው። አንዱን ጫፍ ከነጥለቱ ወንፊት አደረገችው። ሌላው ጫፍ ደህና ነበር፤ አረንጓዴና ወርቅማ ጥለቱ እንኳ አልደበዘዘም። የእርስዎ ፈትል ስለሆነ ልጥለው አልቻልኩም። የተበላውን ቆርጬ አወጣሁና ከቀረው ትከሻ ላይ የሚጣል አጭር ካባ ሰፋሁ። ጥለቱን ወደ ታች ባደርገው የምሰካበት መዳብ ተንጠልጥሎ በየሄድኩበት ይጠላለፋል። ወደ አንገት ባወጣው ግን እንደ ኮሌታ ይቆማል፤ በላዩ ቀለበት ቀለበቱን የመዳብ ሽቦ ስሰካበት ጌጡ ከልብሱ ጋር አንድ ይሆናል። እንደዚያው አደረግኩ። ውስጡን ከወንድ ካፖርት የወጣ ጥቁር ቀሚስ ለበስኩ። ሱቅ የለኝም፤ የሠራሁትን ለብሼ ገበያ መሐል እዞራለሁ፤ የወደደ ያዝዘኛል።

ጥለት ወደ አንገት ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ አታውቂም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ባለቤትዎ ያረፉ ለታ ነጠላዬን ገልብጠው ያለበሱኝ እርስዎ ነዎት። ግን ሰው ሲሰፋ የሚያየው ጨርቁን ነው፤ የት ይጎድላል፣ የት ይተርፋል ነው ሐሳቡ። መስታወት ፊት ቆሜ ያየሁት ኮሌታ ነው። ሳቢሃም መንገድ ላይ አግኝታኝ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አምሮብሻል» አለችኝ። ኋላ «ምነው ዝም አልሽኝ?» ብዬ ብጣላት፣ «ለቅሶ ልትደርሺ መስሎኝ ነዋ! ለለቅሶ እንዲህ ተሽቀርቅሮ የሚሄድ ሰው አላየሁም ብዬ በልቤ አማሁሽ» አለችኝ።

የገበያ ቀን ነበር። በመናኸሪያው በኩል ወደ ገበያው ስሻገር ነጭ ሽንኩርት የምትሸጠው እትዬ አልጣሽ አየችኝ። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥለት አንገት ላይ፣ ባልዋ በረሃ የቀረ ሴት። ቁናውን ለቀቀችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። «ወይኔ ላቀው! ወይኔ የእናቱ ልጅ! ያ ጉድጓድ በላው!» አለች። ሽንኩርቱ አስፋልት ላይ ተንከባለለ። በአንድ ጊዜ ሴቶቹ ከበቡኝ። አንዷ ወገቤን ያዘች፣ አንዷ ጫማዬን አወለቀችልኝ። ሁሉም በልባቸው ቀብረውት ኖሯል፤ ልብሴን ብቻ ነበር የሚጠብቁት።

አይደለም፣ ልብስ ነው፣ ልል አፌን ከፍቻለሁ። እውነቴን ነው። አፌን እንደከፈትኩ በሴቶቹ ትከሻ ላይ የደጀኔን ሱቅ አየሁ።

ደጀኔ በሩ ላይ ቆሟል። የእትዬ አልጣሽን ጩኸት ሰምቷል፤ የወንድሙን ስም ሰምቷል። ወንድሙ ሞተ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ወይ ይወድቃል፣ ወይ ሮጦ ይመጣና ማን ነገረሽ ብሎ አንገቴን ያንቀኛል። ደጀኔ ደጅ የተንጠለጠሉትን የላስቲክ ጫማዎች ወደ ውስጥ አስገባ። ቀስ ብሎ፣ ጥንድ ጥንዱን ሳያሳስት። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልኩን አወጣ።

አፌን ዘጋሁት።

ዋሸች የሚልዎ ካለ አልዋሸሁም። ላቀው ሞተ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ዝም ነው ያልኩት። አለቀስሽ ወይ ቢሉኝ ግን አዎ፣ አልቅሻለሁ። ሴቶቹ ደግፈው ቤቴ ሲያደርሱኝ እንባዬ እየወረደ ነበር፤ ለምኑ እንደሆነ አልመረመርኩትም።

የእድሩ ዳኛ ተስፋው ድንኳኑን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ደንብ አክባሪ ሰው ነው፤ ሥርዓት ካልተሟላ አይንቀሳቀስም። «መርዶውን ማን አረዳሽ?» አለኝ። ዝም። «የት ነው ያረፈው?» ዝም። «እንግዲህ ጥሩምባ ነፊው ምን ብሎ ይንፋ?» አለ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተናገርኩ። «ወንድሙ አለ አይደል? ደጀኔን ጥሩት፤ እሱ ይቁም» አልኩ። ሁሉም ልክ ነው አሉ። ወንድም ሳይቆም ለቅሶ አይጀመርም።

እሱ እስኪመጣ እትዬ አልጣሽ ስልክ ተቀብላ ወደ እርስዎ ደወለች። እናት ሳትሰማ እንዴት ይሆናል ብላ ነው። እያለቀሰች ነገረችዎት። ከዚያ ማልቀሷን አቆመች፤ አዳመጠች፤ ስልኩን ዘጋች። «ጉልበቴን አሞኛል፣ ሲሻለኝ እመጣለሁ ይላሉ» አለች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቆይታ እትዬ አልጣሽ ለማንም ሳይሆን «እኔ ልጄ የሞተ ለታ ጉልበት እንዳለኝም አላውቅም ነበር» አለች። እኔ ፊቴን በካባው ሸፍኜ ተቀመጥኩ።

ደጀኔን ሁለት የእድር ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው አመጡት። ሐዘን ያደከመው መስሏቸው ነው የደገፉት፤ እሱ ግን መሸሽ ነበር የፈለገው። ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰሩለት፣ ድንኳኑ መሐል አቆሙት። ሴቶቹ የላቀውን ስም እያነሡ፣ ደጀኔን ወንድምህን የት ጣልከው እያሉ ሙሾ አወረዱበት። እሱ ላብ በላብ ሆኗል፤ እንባ የለም። ተስፋው ጠጋ ብሎ «አልቅስ እንጂ! የእናትህ ልጅ እኮ ነው፤ ሰው ምን ይልሃል?» አለው።

በዚህ መሐል ቄስ ገብረ ኢየሱስ ገቡ። ፍትሐት ለማድረስ ተዘጋጅተው ነው የመጡት። መስቀላቸውን አሳለሙትና «የክርስትና ስሙን ንገረኝ፤ አሁኑኑ እናድርስለት» አሉት።

ደጀኔ እስካሁን ሁሉን ችሏል። ይህን ግን አልቻለም። በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት! ቄሱ እጅ ላይ ተጠመጠመ። «አባቴ ተዉ! በማርያም ተዉ! ፍትሐት አታድርሱበት! ወንድሜ አልሞተም፤ መራዊ ነው ያለው!» አለ።

ማን ይመን? «አዙሮታል፤ ውኃ አምጡ» አሉ። አንዲቱ ጆግ ሙሉ ውኃ ፊቱ ላይ ደፋችበት። ውኃው ከአገጩ እየወረደ «አልሞተም እላችኋለሁ! እህል ይደልላል! ሚስት አለው፣ ልጅ አለው!» እያለ ጮኸ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳለ የገባው። ወደ እኔ አየ። እኔ አላገዝኩትም። ሌላ መውጫ ስላጣ ስልኩን አወጣ።

በመስቀል ሰሞን የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ላቀው በተከመረ የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ወፍሯል። ጭኑ ላይ ሕፃን ልጅ ጆሮውን እየጎተተ ይስቃል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ ያየ ሁሉ አንድ ጊዜ እኔን ያይና ያሳልፈዋል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ላቀውን ብዙም አላየሁትም። ልጁን አየሁ። መልኩ ቆንጆ ነው፤ ግንባሩ የእርስዎ ነው። አንገቱ ላይ ዶቃ አለ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ መሐሉ ላይ የብር ግማሽ ጨረቃ።

እንዲህ ያለ አንድ ብቻ ነው የሠራሁት። ለማን እንደሰጠሁት ለለቀስተኛው አልተናገርኩም። ስልኩን አጠገቤ ላለችው ሴት አሳለፍኩ። አንዷለም፣ ይህን ደግመህ አታንብብላቸው፤ ሰምተዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በየቤቱ እንደሚያወሩት ነው። ንፍሮው ስለተቀቀለ ተበላ። ተስፋው ድንኳኑን እያስነቀለ «ላልሞተ ሰው እድር አይወጣም፤ ሲሞት ራሱ ይምጣና ያመልክት» አለ። ቄሱ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፍነው ወጡ። ሳቢሃ ማድቤት ገብታ እስኪበቃት ከሣቀች በኋላ «ይህን ካባ ብዙ አድርገሽ ስፊ፤ ባል የጠፋባት ሁሉ ትገዛዋለች» አለችኝ። ደጀኔ ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነጠላውን ይጨምቅ ነበር። ውኃ የደፋችበት ሴት ይቅርታ ጠየቀችው፤ እኔን ግን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ይቅርታ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው እኔ አልነበርኩም መሰለኝ።

ላቀው ሳይውል ሳያድር መጣ። ኔትወርኩ ሠራለት። ተስፋውንና ቄስ ገብረ ኢየሱስን ለሽምግልና ይዞ ነው የገባው። ገና ሳይቀመጥ «በቁሜ አለቀስሽብኝ» አለኝ። «ሳላለቅስብህ መቼ መጣህ?» አልኩት። ተስፋው ሳል ያዘው።

ላቀው ያለውን ልንገርዎ፤ ለእርስዎ አስተካክሎ ነግሮዎት ይሆናል። መጀመሪያ እዚያም ልጅ አለኝ እዚህም ትዳር አለኝ፣ እየተመላለስኩ ሁለቱንም እይዛለሁ አለ። ቄሱ «ሁለት ቤት አላቆርብም፤ አንዱን ያዝ» አሉት። ብዙም አላሰበም። «እንግዲያው ሰብሊን እይዛለሁ፤ ልጁን እናቴ ታሳድገዋለች» አለ። የልጁ እናትስ አልኩት። ዝም አለ። ይህን ዝምታውን አወቅሁት። እኔ እዚህ ተቀምጬ ስጠብቅ መራዊ ላይ ስለ እኔ ሲጠየቅ ዝም ያለው እንዲሁ ነው።

ሽማግሌዎቹን እንዲህ አልኳቸው። «እኔ ስፈልግ የነበረው ሞቷል ወይስ አለ የሚለውን ነው። አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላ የምፈልገው የለም። ልጁ አባትም እናትም አለው፤ ከእነሱ ጋር ይደግ። እኔ ይህን ሰው ፈትቻለሁ።» ቄሱ አሰላስይው አሉኝ። ሦስት ፋሲካ አሰላስያለሁ አልኳቸው። ተከራክረው ሲያበቁ ተስማሙ፤ ወረቀቱም አልቋል። የስፌት መኪናው የእኔ ነው፤ ቤቱን እሱ ራሱ አልፈልግም አለ። በዚህ በኩል አልበደለኝም፤ እናገርለታለሁ።

ሊወጣ ሲል «ልብሴን ልውሰድ» አለ። ሣጥኑን ከፈትኩለት። ባዶ ነበር። ሱሪዎቹ የጎረቤት ልጆች የትምህርት ቤት ጉርድ ቀሚስ ሆነዋል። ሸሚዞቹን ሳቢሃ ደምበጫ ወስዳ ሸጣቸዋለች፤ የመነኩሲት ሽርጥ የሆነም አለ። ሣጥኑን ጎንበስ ብሎ ቆይቶ አየው። «መቼ ነው የቆረጥሽው?» አለኝ። «አምና» አልኩት። «የሞትኩ መስሎሽ?» አለ። «አይ፣ ጨርቁ ጥሩ ስለነበረ» አልኩት።

በለበሰው ልብስ ወጣ።

እሜቴ፣ ልብሱን ሁሉ አልሸጥኩም። የላቀውን የሰርግ ኮት ከሣጥኑ አውጥቼ አስቀርቼው ነበር፤ ሱፉ ጠንካራ ነው፣ ገበሩም አልተነካ። በዚህ ሳምንት ፈትቼ ለልጁ ኮት ሰፋሁለት። ከደብዳቤው ጋር ሃይለ ሚካኤል ያደርስልዎታል። ልጁን በስልክ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም፤ ልኩን በግምት ነው የወሰድኩት። እጅጌውና ከታች ጫፉ ላይ ጨርቅ አጥፌ ትቻለሁ፤ ሲያድግ ክሩን ፈትተው ያስረዝሙለት። አዝራሩን አጥብቄ ተክያለሁ፤ ወደ አፉ ቢከተው አይነቀልም። ለመራዊ ብርድ ይበቃዋል። ለእናቱም ማን እንደሰፋው ይንገሯት፤ ለጎረቤት ልጅ ነው የተሠራው አይበሏት።

ደጄን እንዳትረግጥ ብለውኛል። እስኪፈቅዱልኝ አልረግጥም፤ እግርዎ ላይም አልወድቅም። ኮቱ ግን ይግባ።

እግዚአብሔር ልጁን በቀኙ ያሳድግልዎ። በጎተራዎ በረከት፣ በደጅዎ ሰላም ያኑርልዎ። ለጠየቀኝ ሁሉ ደህና ናት ይበሉልኝ፤ ለአንዷለምም ዓይኑን ያብራለት።

የልጅ ልጅዎ ልብስ ሰፊ